ሞናኮ በዛሬው ፎርሙላ ዋን ውስጥ ቦታ አለው ወይ?

ሄርሜላ16 (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። እሁድ የ2025ን የሞናኮ ግራንድ ፕሪ፣ ያንን የከተማ መንገድ ላይ የሚደረግ የመኪና ውድድር፣ ካየሁ ጀምሮ አንድ ጥያቄ እያብሰለሰልኩ ነው። ቤት ከወንድሜ ጋር ተጨቃጨቅንበት። መሥሪያ ቤት ደግሞ ፎርሙላ ዋን የሚያይ ሰው የለም። ስለዚህ ወደ እናንተ አመጣሁት። ሞናኮ እንዲህ እየሆነ ይቀጥል ወይስ ይብቃው? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ከየት ቆሜ እንደምናገር ልንገራችሁ። እኔ የፌራሪው ሹፌር የሻርል ሌክሌር ደጋፊ ነኝ። ስሜ ላይ ያለው 16ም የእሱ ቁጥር ነው። ልጁ የሞናኮ ተወላጅ ነው፤ በገዛ ሰፈሩ መንገድ ላይ ግን ያልደረሰበት ነገር የለም። በ2018 ፍሬኑ ከድቶት ከፊቱ ያለውን መኪና ገጨ። በ2019 ራስካስ የሚባለው ጠባብ ኩርባ ላይ ግሮዣንን ቀደመ፤ ቆይቶ እዚያው ቦታ ላይ ሁልከንበርግን እቀድማለሁ ሲል ጎማው ተቀደደና ውድድሩን አቋረጠ። በ2021 አንደኛ ሆኖ ሊነሳ ወደ መነሻው ሲሄድ መኪናው ተበላሽቶ ሳይወዳደር ቀረ። በ2022 አሁንም ከፊት ተነሳ። ቡድኑ የጎማ መቀየሪያውን ሰዓት አበላሸበትና አራተኛ ወጣ።

ከዚያ 2024 መጣ። አሸነፈ። በ1931 ሉዊ ሺሮን ካሸነፈ ወዲህ አገሩ ላይ ያሸነፈ የመጀመሪያው የሞናኮ ልጅ ሆነ። መጨረሻዎቹ ዙሮች ላይ በ2017 የሞተው አባቱን እያሰበ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። እኔም አለቀስኩ። አባቴ ከሳሎኑ ማዶ «ምን ሆነሽ ነው?» እስኪለኝ ድረስ።

ችግሩ ይሄውላችሁ። ያስለቀሰኝ ውድድር እንደ ውድድር ከታየ ምንም ያልተፈጠረበት ነው። የመጀመሪያው ዙር ላይ ፔሬዝ፣ ማግኑሰንና ሁልከንበርግ ዳገቱ ላይ ተጋጩ። ቀይ ባንዲራ ወጣ፤ ውድድሩ ለጊዜው ቆመ። በዚያ መሀል ሁሉም ጎማ ቀየረ፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ፒት (ጎማ መቀየሪያው ቦታ) የመግባት ግዴታ ቀረ ማለት ነው። የተረፈው ተከታትሎ መንዳት ብቻ ነበር። ከአንደኛ እስከ አሥረኛ የወጡት በሙሉ በተነሱበት ቅደም ተከተል ጨረሱ። በፎርሙላ ዋን ታሪክ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። ወንድሜ «ሌክሌር ባይሆን ኖሮ ገና አሥረኛው ዙር ላይ ቻናል ትቀይሪ ነበር» አለኝ። ልክ ነው፣ እቀይር ነበር።

በ2025 የመኪና ስፖርት የበላይ አካሉ ኤፍአይኤ ይህን ለማስተካከል ሞናኮ ላይ ብቻ የሚሠራ ሕግ አወጣ። እያንዳንዱ ሹፌር ቢያንስ ሦስት የጎማ ስብስብ መጠቀም አለበት፤ ማለትም ሁለት ጊዜ ፒት መግባት ግዴታ ሆነ። የሆነውን አይታችኋል። የሬሲንግ ቡልሱ ሎውሰን ከኋላው ያሉትን ሁሉ አፍኖ በዝግታ ነዳ፤ ከፊት ያለው የቡድን ጓደኛው ሃጃር ፒት ገብቶ ቦታውን ሳያጣ ይወጣ ዘንድ። የዊሊያምስ ቡድን ሹፌሮችም ይህንኑ አደረጉ፤ ሳይንዝና አልቦን ተራ በተራ። ራስል ከአልቦን ኋላ ታፍኖ ሲቃጠል ቆየና ሺኬኑን (የዚግዛግ ኩርባውን) ቆርጦ አለፈው። ቦታውን አልመልስም፣ ቅጣቱን እቀበላለሁ ብሎ ቀጠለ። በፒት መስመር በኩል እንዲያልፍ ተቀጣ። ቨርስታፐን ደግሞ ቀይ ባንዲራ ይወጣ ይሆናል ብሎ ሁለተኛውን ፒት እስከ ውድድሩ መጨረሻ ዋዜማ፣ አንድ ዙር እስኪቀረው ድረስ አቆየው። አደጋ እንዲደርስ የሚያስጠብቅ ሕግ ጥሩ ሕግ ነው?

እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ቅዳሜው ነው። ቅዳሜ ማጣሪያውን፣ የእሁዱ መነሻ ቦታ የሚወሰንበትን፣ ስመለከት ከሶፋው ጫፍ ላይ ነበርኩ። ኖሪስ 1:09.954 ነዳ፤ ሌክሌር በ0.109 ሰከንድ ተበለጠ። ተሸንፎብኝም ደስ ብሎኛል። ከዓመቱ ማጣሪያዎች ሁሉ እንደዚህ ልብ የሚሰቅል የለም። በማግስቱ ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ እነዚያው ሹፌሮች መኪናው ከሚችለው በብዙ ሰከንድ አዝግመው ይዞራሉ።

ቅዳሜውን ሳናጣ እሁዱን ማዳን ይቻላል? ወይስ ተስፋ የለውም፣ ይውጣ ትላላችሁ? የምታውቁ ንገሩኝ።


ቢኒ_አቡዳቢ

ሄርሜላ፣ ጥሩ አድርገሽ አስቀምጠሽዋል። የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ይውጣ።

ሰዎች ሞናኮ ከወጣ የከተማ መንገድ ውድድር የሚሞት ያስመስሉታል። አይሞትም። ባኩ አለ፤ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ቀጥታ አለው፣ ዞር ሲሉ ደግሞ ከአሮጌው ከተማ ግንብ ሥር 7 ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን ቀጭን መንገድ ይገባል። ጠባብነት ያማረው ሰው እዚያ ያገኘዋል፤ መቀዳደምም አለ። ሲንጋፖር አለ፣ ጄዳ አለ፣ ላስ ቬጋስ አለ። ግድግዳው ሁሉም ጋ አለ።

ሌላው ሁሉ ትራክ ላይ ውድድሩ ቢያንስ 305 ኪሎ ሜትር መሆን አለበት። ለሞናኮ ብቻ ተፈቅዶለት 260 ነው። 78 ዙር ዞረውም ከዚያ አያልፍም፤ እንዲያ ባይሆን በዝግታው ምክንያት ሰዓቱ አይበቃም። የአሸናፊው ነጥብ ግን ያው 25 ነው። ሻምፒዮናው በጥቂት ነጥብ በሚለይበት ዓመት፣ ማንም ማንንም ሊቀድም በማይችልበት ቦታ የተገኘ 25 ነጥብ እኩል መቆጠሩ ለእኔ ፍትሕ አይደለም።

እኔ የምኖረው አቡ ዳቢ ነው። ያስ ማሪና መቀዳደም አስቸገረ ሲባል በ2021 ኩርባዎቹን አፍርሰው ሠሩት። መሬት አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ሠሩት። ሞናኮ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ባሕር ነው። አገሩ ራሱ 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የት ያስፋፉታል?

ታሪክም ብቻውን አያድንም። የጀርመኑ የድሮው ኑርበርግሪንግ ትራክ ታሪክ አልነበረውም? ከ1976 በኋላ ፎርሙላ ዋን ትቶት ሄደ። ስፖርቱ ግን አልሞተም።


መካኒኩ_ቄራ

ሄርሜላ ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቢኒም ሰላም ነህ ወንድሜ። እኔ በሙያዬ በኩል ልግባ። ጋራዥ ውስጥ ስኖር ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ ፎርሙላ ዋንንም ብራዚላዊው ሹፌር ሴና በሕይወት እያለ ጀምሮ እከታተላለሁ።

ሁሉም ሰው «መኪናዎቹ ሰፍተው ነው» ይላል። ልብ በሉ፣ ይህ አይደለም ነገሩ። ሴና በ1988 የቡድን ጓደኛውን ፕሮስትን በማጣሪያ በ1.427 ሰከንድ የበለጠበት መኪና ከዛሬው አይጠብም። በዚያ ዘመን የተፈቀደው ስፋት 2 ሜትር ከ15 ነበር። የ2025ቱ 2 ሜትር ነው። የተለወጠው ርዝመቱና ክብደቱ ነው። የ2025ቱ መኪና በፊትና በኋላ ጎማ መሀል ብቻ 3 ሜትር ከ60 ድረስ ይፈቀድለታል፤ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ከ5 ሜትር ተኩል አያንስም። የሴናው 4 ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። ክብደቱ 540 ኪሎ፣ ሹፌሩን ሳይጨምር። የ2025ቱ ሹፌሩን ጨምሮ 800 ነው። እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ይዘህ ከሆቴሉ በታች ያለው ያ የተጠቀለለ ኩርባ ላይ ጎን ለጎን መግባት አይታሰብም። እዚያ ብቻውን የሚዞረውም መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፎ ነው የሚያልፈው።

ሁለተኛው ነገር ፍሬኑ ነው። የካርቦን ፍሬን መኪናውን በጣም አጭር ርቀት ላይ ያቆመዋል። መቅደም ማለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካንተ ዘግይቼ ፍሬን ያዝኩ ማለት ነው። የመያዣው ርቀት ራሱ አጭር ከሆነ ዘግይቶ የሚያዝበት ቦታ ከየት ይመጣል? ከዋሻው ወጥተው ወደ ሺኬኑ ሲወርዱ ካልሆነ ሌላ ቦታ የለም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያነሳው ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ድሮ ማርሽ በእጅ ነበር የሚቀየረው። አንድ እጅ መሪ ላይ፣ አንድ እጅ ማርሽ ላይ፣ ግራና ቀኝ ብረት፣ ደግሞ 70 እና ከዚያ በላይ ዙር። አንዴ ማርሽ ከሳትክ የኋላው አለፈህ። ሞተር ይነድ ነበር፣ ማርሽ ቦክስ ይሰበር ነበር። በ1996 ዝናብ ዘንቦ ፓኒስ በሊዢዬ ከ14ኛ ተነስቶ አሸነፈ፤ ሰንደቁ ሲውለበለብ መስመሩን እየነዱ ያለፉት ሦስት መኪናዎች ብቻ ነበሩ። በ2025 ስንት አቋረጡ? ጋስሊና አሎንሶ፤ በቃ። ሌላው ሁሉ ጨረሰ። መኪናው አይበላሽም፣ ሹፌሩ አይሳሳትም። ሞናኮ ድሮ የሚኖረው በስህተት ነበር። ስህተቱ ሲጠፋ እሁዱ ባዶ ቀረ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ሞናኮ ላይ መቅደም ድሮም ቀላል ሆኖ አያውቅም። በ1992 ማንሰል ሊጨርስ ሰባት ዙር ሲቀረው ጎማው ላሽቋል ብሎ ፒት ገባ። አዲስ ጎማ ገጥሞ ሲወጣ ሴና ቀድሞት ነበር። ማንሰል በዙር ስንት ሰከንድ እየፈጠነ ደረሰበት፤ በግራ አየ፣ በቀኝ አየ፣ አላለፈውም። በ0.215 ሰከንድ ተሸነፈ። ያንን ውድድር ሰው ዛሬም ያወራዋል። ማንም አልቀደመም እኮ! በ2001 ደግሞ ኩልታርድ በማክላረን፣ ያውም ከሁሉ ፈጣን መኪና ይዞ፣ በአሮውስ ከሚነዳው በርኖልዲ ኋላ ከ30 ዙር በላይ ታፍኖ ዋለ።

ቢኒ፣ አቡ ዳቢን ያነሳኸው አንተው ነህ። በ2010 አሎንሶ ዋንጫውን ያጣው የት ነው? እዚያው ያስ ማሪና ላይ፣ ያን ሁሉ የሚያክል ሰፊ መንገድ ይዞ ከፔትሮቭ ኋላ ወደ 40 ዙር ሲዞር። ዋንጫው የቬትል ሆነ። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ መንገዱ ላይ አታሸክመው። ከፊት ያለው መኪና የሚበጠብጠው አየር የኋላው መኪና መንገዱን ቆንጥጦ እንዳይዝ ያደርገዋል፤ ይህ የትም ቢሆን አለ።

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ፎርሙላ ኢን እዩ። የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ከ2021 ጀምሮ ያንኑ የሞናኮ መንገድ ነው የሚነዱት። ያነሱ ናቸው፣ ፍጥነታቸውም ዝቅ ያለ ነው። ይቀዳደማሉ። ራስካስ ውስጥ ሳይቀር ይቀዳደማሉ።

የ2026ቱ ሕግ አዲስ መኪና ያዛል። ስፋቱ 1 ሜትር ከ90፣ የጎማ ለጎማ ርቀቱ 3 ሜትር ከ40፣ ክብደቱ 768 ኪሎ። ጥሩ ጅምር ነው። 20 ሳንቲም ማሳጠር ሞናኮን ይፈውሳል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ሌላ አንድ ሜትር ቢቀነስ ያኔ እንነጋገራለን።


ትዕግስት_ኒስ

ሄርሜላዬ፣ ጥያቄሽን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ኒስ ነው የምኖረው። ሞናኮ ከእኛ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የውድድሩ ሰሞን ባቡሩ ቀይ ኮፍያና ቲሸርት በለበሰ ሰው ጢም ይላል፤ መቆሚያም አይገኝ። ሀብታሙ ከቅንጡ ጀልባው ላይ ያያል። እንደ እኛ ያለው ደግሞ ሮሼ የሚባለው ቤተ መንግሥቱ ያለበት ኮረብታ ላይ ይወጣል። ወንበር የለውም፣ ዳገቱ ላይ ነው የሚቀመጡት። ቦታ ለመያዝ በሌሊት መሄድ አለብሽ። ከዚያ ግን ወደቡ በሙሉ ከሥርሽ ነው፤ ታባ ከሚባለው ኩርባ ጀምሮ በመዋኛ ገንዳው በኩል እስከ ራስካስ ድረስ።

ቲቪ የማያሳየውን ልንገርሽ። አንደኛ ዳገቱ። ከሳንት ዴቮት ቤተ ክርስቲያን እስከ ካዚኖው ድረስ ያለውን መንገድ በእግሬ ስወጣው ትንፋሼ ይቆራረጣል። ከታች እስከ ላይ ያለው ልዩነት 42 ሜትር ነው። በቲቪ ሜዳ ነው የሚመስለው። ሁለተኛ አስፋልቱ። በአዘቦት ቀን የከተማ አውቶቡስና ስኩተር የሚሄድበት መንገድ ነው። እብጠት አለው፣ የውኃ ጉድጓድ ክዳን አለው። በ2016 ልምምድ ላይ አንዱ ክዳን ተነቅሎ የጄንሰን በተንን መኪና መትቶታል። ከካዚኖው ወርደው ወደ ሚራቦ ኩርባ ሲሄዱ መኪናዎቹ ወደ ጎን ሸሸት ሲሉ ታያለሽ፤ እብጠቱን እየሸሹ ነው።

ሦስተኛው መዋኛው ጋ ያለው ነገር ነው። እዚያ መግቢያው ላይ ሹፌሩ መሪውን የሚያጥፈው መውጫውን ሳያየው ነው። የፊት ጎማው የውስጡን ብረት ከነካ ጉዱ ፈላ። ካልነካው ደግሞ ዘግይቷል። ዓርብ ጠዋት ከብረቱ ትንሽ ራቅ ብለው ያልፋሉ። ከሰዓት ይጠጋሉ። ቅዳሜ ማጣሪያው መጨረሻ ላይ በጎማውና በብረቱ መሀል ወረቀት የሚገባ አይመስልሽም። ማታ መንገዱ ለሕዝብ ሲከፈት ወርደሽ ብረቱን ብታዪው ጎማዎቹ የላሱት ጥቁር መስመር በላዩ ላይ ተጋድሟል። በእጄ ነክቼዋለሁ።

የ2023ን ማጣሪያ አስታውሺ። አሎንሶ አንደኛ ሆኖ ሁላችንም በቃ አለቀ ብለን ነበር። ቨርስታፐን ከዙሩ ሦስት ክፍሎች ሁለቱን ጨርሶ በሁለት አሥረኛ ሰከንድ አካባቢ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በቀረችው መጨረሻ ክፍል ብቻ፣ ብረቱን እየታከከ፣ ሁሉንም መልሶ በ0.084 ሰከንድ ቀደመው። ያንን ልዩነት ባኩ ላይ በሞተር ጉልበትና በረጅም ቀጥታ ታገኚዋለሽ። ሞናኮ ላይ ግን ከሹፌሩ ድፍረት በቀር የምታገኚበት ቦታ የለም።

ቢኒ «ግድግዳው ሁሉም ጋ አለ» ብሏል። ወንድሜ፣ በብዙዎቹ ትራኮች አንድ ኩርባ ስታልፍ ሌላ ግድግዳ እስኪመጣ ትንፋሽ ትወስዳለህ። እዚህ 19 ኩርባ በ3.337 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው ያለው። እጃቸውን መሪው ላይ የሚያሳርፉበት ቦታ ዋሻው ብቻ ነው፤ እሱም ቀጥ ያለ አይደለም፣ ይጠመዘዛል።

ሞናኮ አልለወጥም ብሎ የተቀመጠ ቦታም አይደለም። ለስንት ዘመን ልምምዱ ሐሙስ ነበር፣ ዓርብ የዕረፍት ቀን ነበር። ከ2022 ጀምሮ እንደ ሌላው ዓርብ አደረጉት። የቲቪ ሥርጭቱን የራሳቸው ሰዎች ነበሩ የሚሠሩት። በ2021 ቬትልና ጋስሊ ዳገቱን ጎን ለጎን ሲወጡ፣ በዓመት አንዴ የሚገኝ ነገር፣ ዳይሬክተሩ በመሀል ቆርጦ ስትሮልን አሳየን። ከ2023 ወዲህ ሥርጭቱን ፎርሙላ ዋን ራሱ ያዘው። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ ውድድሩ ከሜይ ወጥቶ በጁን የመጀመሪያ ሳምንት መጨረሻ እንዲሆን ተወስኗል። ይህን ሁሉ ከለቀቁ ስለ እሁዱም መነጋገር ይችላሉ።

እኔ የምለው ይሄ ነው፤ ለቅዳሜው ነጥብ ይሰጥ። ሞናኮ ላይ ብቻ። ለፖል (ለማጣሪያው አንደኛ) 10 ነጥብ ቢሆን፣ ወርዶ ወርዶ ለአምስተኛ 1 ቢሆን፣ የእሁዱም በዚያው ልክ ቢቀነስ ማን ይጎዳል? አሁንም እኮ የሚወሰነው ቅዳሜ ነው። ታዲያ ለምን ስሙን አንጠራውም? ያንን የሁለት ፒት ግዴታ ደግሞ አንሱልን። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ሳይንዝም አልቦንም ያደረጉትን እንዳልወደዱት ተናግረዋል። ሹፌሮቹ የሚያፍሩበትን ነገር እኛን አያሳዩን።


ሄርሜላ16 (አዲስ አበባ)

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ትዕግስት፣ ብረቱ ላይ ያለውን ጥቁር መስመር ስትነግሪኝ እዚያ የቆምኩ መሰለኝ። ጋሼ፣ የርዝመቱ ነገር አስገርሞኛል። የ1988ቱ ይሰፋል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም ነበር።

ቢኒ፣ ያነሳኸው የፍትሕ ጥያቄ ከባድ ነው፣ ላልፈው አልችልም። 25 ነጥብ ለእሁዱ ብዙ ነው፤ እስማማለሁ። ግን መድኃኒቱ ማስወጣት አይመስለኝም። በ2024 መጨረሻ ውሉ እስከ 2031 ታድሷል፤ ስለዚህ ብንፈልግም አይወጣም። የሚያዋጣው ያለውን ማስተካከል ነው። የትዕግስትን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። በ2025 ዓመቱን ሙሉ የተያዘው 24 ውድድር ነው። ከ24ቱ አንዱ አንድ ሰው ብቻውን ከመንገዱ ጋር የሚፋለምበት ቢሆን ሻምፒዮናው ይደምቃል እንጂ አይጎድልም። ሌሎቹ 23 ትራኮች ላይ የማይፈተን ነገር እዚህ ይፈተናል። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ እሁዱም ይመለሳል። በ1984 ሴና ገና ስሙ ሳይወጣ በቶልማን ዝናቡ ውስጥ ፕሮስት ጋ ሊደርስ ሲል ውድድሩ ተቋረጠና ሁለተኛ ወጣ። ደካማ መኪና የያዘ ልጅ ማን እንደሆነ ዓለም ያወቀው እዚያ ነው። ሰፊ መንገድ ላይ ቢሆን ማን ያየው ነበር?

አሁንም ያልተመለሰልኝ አንድ ነገር አለ። ጋሼን ልጠይቅዎት። መቅደም የማይቻል መሆኑን ልቀበል። እያወቁ ማዝገሙን ግን አልቀበልም። ሎውሰን ያደረገው፣ በ2024 መሪዎቹ ጎማ ለመቆጠብ ያደረጉት፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ፈጥነው ቢነዱ፣ ባይቀዳደሙም እንኳ፣ 78 ዙር ብረቱን ሲታከኩ ማየት ብቻውን በቂዬ ነበር። ይህን በሕግ ማስቆም አይቻልም?


ቢኒ_አቡዳቢ

ነጥቡ ከተቀነሰ ተቃውሞዬ ግማሹ ይነሳል። ግማሹ አሁንም አለ፤ ቲኬት ከፍሎ እሁድ የሚመጣው ሰው ምን ያያል? ትዕግስት ዓርብና ቅዳሜን ነው የነገረችን፤ እሁድን አላነሳችም።


ትዕግስት_ኒስ

እሁድም እሄዳለሁ ቢኒ። የመጀመሪያውን ዙር፣ ሁሉም ተግተልትለው ሳንት ዴቮት ሲገቡ፣ በአካል ያየ ሰው አይጸጸትም። ሠራተኞቹንም ማየት ነው። የተጋጨ መኪና በክሬን ከመንገዱ ሲያነሱ ዓይንህን ሳትጨፍን ያልቃል፤ በዓለም ላይ እንደነሱ የሠለጠነ የለም ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ግን ይረዝማል፤ እሱን አልክድም። ለዚህ ነው የሄርሜላ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ የሚመስለኝ።


መካኒኩ_ቄራ

ይቻላል ልጄ። መሣሪያውም አለ። አደጋ ደርሶ ሴፍቲ ካር (መኪናዎቹን አዝግሞ የሚመራው መኪና) ሲወጣ እያንዳንዱ ሹፌር መሪው ላይ ባለው ስክሪን የሚጠብቀው ሰዓት ይሰጠዋል፤ ከዚያ ሰዓት ፈጥኖ መሄድ አይችልም። ማጣሪያ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው። መንገድ እንዳይዘጉ ተብሎ አንድን ዙር ከዚህ ሰዓት በላይ አታዘግም የሚባልበት ትራክ አለ። ስለዚህ ኤፍአይኤ የመኪናውን ሰዓት ለመቆጣጠር አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገውም።

እንዲህ ቢደረግ ብዬ አስባለሁ። ባንዲራ በሌለበት ዙር ማንም ሰው ራሱ ማጣሪያ ላይ ከነዳው ሰዓት ይህን ያህል ሰከንድ በላይ እንዳያዘግም። ሰባት ይሁን ስምንት፣ ቁጥሩን እነሱ ይወስኑ፤ ነዳጅ ሙሉ ሲሆን መኪናው ስለሚከብድ መጀመሪያ ላይ ሰፋ፣ ወደ መጨረሻ ጠበብ ይበል። ያለፈበት ሁለቴ ይነገረው፣ በሦስተኛው 5 ሰከንድ ይቀጣ። ያኔ ሎውሰን ጓደኛውን ለመርዳት ሲል ሌላውን ሁሉ ማፈን አይችልም። መሪውም ጎማውን አስቀምጦ ሊያዘግም አይችልም፤ ከነዳ ጎማው ያልቃል፣ ጎማው ካለቀ ፒት መግባት አለበት። ሁለት ፒት ግዴታ ነው ብሎ ማወጅ አያስፈልግም፤ መንገዱ ራሱ ያስገባቸዋል።

እንቅፋቱ አንድ ነው። ከፊትህ የተጎዳ መኪና ካለ አንተ ጥፋት የለብህም፤ ያዘገመህ እሱ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ መያዝ ያለበት ከፊቱ ባዶ መንገድ ባለው መኪና ላይ ብቻ ነው። ከፊትህ ያለው በሦስት ሰከንድ ውስጥ ካለ አትጠየቅም፣ ከዚያ በላይ ከራቀህ ትጠየቃለህ። የመኪናዎቹን ርቀት በሰከንድ ሺኛ ይለኩታል፤ ይህን ማወቅ አያቅታቸውም። ሐሳቤ ቀዳዳ ካለው ንገሩኝ። ቢኒ፣ በተለይ አንተ፤ ሞናኮን የማይወድ ሰው ነው ቀዳዳውን ቶሎ የሚያገኘው።